አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፊደላት

ውድ ቀስ በቀስ፣

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ እኔ የሚወራውን ከሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። ትናንት ጫማ የሚያድስልኝ ሰው ተረከዙን በመዶሻ እየመታ፣ "እትዬ፣ እርስዎ ባይደርሱለት ኖሮ ያ ሰውዬ እጁ ብቻ ሳይሆን ነፍሱም አትተርፍም ነበር አሉ። በዚህ ዕድሜዎ ልጅዎ ላይ ተጠምጥመው አስጣሉት አሉ። እናት ማለት እንዲህ ነው" አለኝ። አንዱ ተረከዝ ብቻ ተመትቶ ሳለ ጫማዬን ተቀብዬው ወጣሁ፤ እስከ ቤት ድረስ እያነከስኩ ሄድኩ።

ወሬው ስህተት ነው። እኔ አልደረስኩም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበርኩ። የልጄን ትከሻ በመጠረዣ መዶሻ የሰበረችው የማተሚያ ቤታችን መጽሐፍ ጠራዧ ናት፤ የእሷን ሥራ ለእኔ የሰጠው ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የሠራሁት ሌላ ነው። የመቁረጫ ክፍሉን በር ዘጋሁ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ። ጩኸትህ ከፊት ለፊት ቆመው ወደሚጠብቁት ደንበኞች እንዳይደርስም እጄን ዘርግቼ በስተግራዬ የነበረውን የማጠፊያ ማሽን አስነሳሁ። ፊትህ ወደ ማዶ ተጭኖ ስለነበር ይህን ማየትህን አላውቅም። ካላየህ ከእኔ ስማው።

ቀስ በቀስ እያልኩ የምጽፍልህ ሌላ ስም አጥቼ አይደለም። ይህን ስም ያወጣችልህ ጠራዧ ናት፤ ለተቆጣ ሰው ሁሉ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ስለምትል። እናትህ ያወጣችልህን ስም ግን ከክሱ ወረቀት ላይ ካየሁት ወዲህ ልጽፈው እጄ እምቢ ብሎኛል። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን በዚያ ስም ተጠርተህ ፍርድ ቤት ትቆማለህ። የማተሚያ ቤቱን ሥራ ሆን ብለህ አበላሽተሃል፣ ለተፎካካሪ አሳልፈህ ሰጥተሃል፣ እጅህም የተጎዳው መቁረጫ ማሽኑን ልታበላሽ ስትሞክር ነው ይላል። የልጄ ቃል ነው። ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ፤ የእሱና የምስክሩ። የምስክሩ የእኔ ነው፤ ሳላነበው የፈረምኩት እንዳይመስልህ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንድ የተዛነፈ ነጥብ አግኝቼም አርሜያለሁ።

አሁን ከሥሩ ልጀምርልህ።

ፊደል ለቃሚ ሆኜ የተቀጠርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እየለቀምን መስመር በመስመር እንደረድር ነበር። ያስተማሩን ሴትዮ ከእጃቸው የብረት ማስመሪያ አይለይም። አንዲት ፊደል ወለል ላይ ወድቃ ካገኙ ማን ጣላት ብለው አይጠይቁም፤ ሁላችንንም አሰልፈው የጣታችንን አንጓ በማስመሪያው ስለት በኩል ይመቱታል። ከአጠገቤ የምትቆመው ልጅ የቀለበት ጣቷ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ቀረ። አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ሌላ ምት ነበረው። "ፊደል አይጣልም" ይሉናል ከእያንዳንዱ ምት በኋላ። ጥርሷ ያለቀ፣ ጫፏ የተበላ ፊደል እንኳ በሌላ ሳጥን ትቀመጣለች እንጂ አትጣልም፤ አንድ ቀን እሷን የሚፈልግ ገጽ ይመጣል። ይህን እየሰማሁ አደግሁ። ማተሚያ ቤቱ የባሌ ሲሆን፣ በኋላም የልጄ ሲሆን፣ ደንቡ ግን የእኔ ሆኖ ቀረ።

እርሳሱ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲገባ ደንቡን ሳልቀይር ይዤው ገባሁ። ደንበኛ ለሰርግ ካርድ የራሱን ፎንት፣ የኮምፒውተሩን የፊደል ዓይነት፣ በፍላሽ ይዞ ሲመጣ "ጫነው" እላለሁ። ለሱቅ ማስታወቂያ፣ ለምረቃ መጽሔት፣ ለመድኃኒት ካርቶን፣ ለሁሉም ጫን። ካርዱ ታትሞ ሰዎቹ ተጋብተው፣ ወልደው፣ ተፋትተው ፎንታቸው እኛ ቤት አለ። አንተ ገጽ አቀናባሪ ሆነህ ከእኛ ጋር በሠራህባቸው ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ አንድም አልወጣም።

አንድ ጊዜ ነግረኸኛል። የማረሚያ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ እጅህን አጣምረህ ቆመህ፣ "እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ" አልከኝ።

"አስቸግር።"

"ይሄ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሲነሣ ያሉትን ፎንቶች በሙሉ አንድ በአንድ ይጠራል። አንድ መምህር ክፍል ገብቶ የአራት ሺህ ተማሪ ስም እየጠራ ነው ይበሉ። መቼ ያስተምራል?"

"ጎበዝ መምህር ያስተምራል።"

"ጎበዝም ቢሆን ይደክመዋል እትዬ። ይወድቃል።"

"ፊደል አይጣልም" አልኩህ።

"አይጣል። እኔ ጣሉ አላልኩም። ከክፍል ይውጡና ግቢ ይጠብቁ። የተፈለገው ይጠራል።"

የመጨረሻዋን አልሰማሁም። ማለቴ፣ ጆሮዬ ሰምቷል፤ እኔ ግን መልስ የሰጠሁት ለ"ይውጡ" ብቻ ነበር። በሳምንቱ ሳታስፈቅደኝ ሦስት መቶ የሚሆኑትን ወደ ሌላ ፎልደር አዛውረህ አገኘሁህ። ሠራተኛውን ሁሉ ጠርቼ ከኋላህ አቆምኩና አንድ በአንድ አስመለስኩህ። በእያንዳንዱ ፎንት ስሙን ጮክ ብለህ እንድታነብ አደረግኩህ። ሙሉ ከሰዓት በኋላውን ፈጀ። ጠራዧ ከበሩ ተደግፋ፣ "ቀስ በቀስ፣ ዛሬስ እንቁላሉ ወደ ኋላ ሄደ" አለች። ሰዉ ሳቀ፤ አንተም ሳቅህ። ማስመሪያ ብቻ ነበር የጎደለኝ።

ከዚያ የአምስተኛ ክፍሉ የሳይንስ መጽሐፍ መጣ። ሁለት መቶ ስድሳ ስምንት ገጽ፣ ትምህርት ሳይከፈት መድረስ ያለበት። አርባኛው ገጽ ላይ ፕሮግራሙ ነጣ፤ ስክሪኑ እንደታጠበ ወረቀት ነጭ ሆኖ ቀረና ጠፋ። ከፈትከው። የፎንቱን ዝርዝር ስትነካ ሞተ። ደግመህ ከፈትከው፤ ገና ሳይነሣ ሞተ። በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ጊዜ፣ በሁለተኛው በቀን ስድስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ ፋይሉ ራሱ ተበላሽቶ ከሥር ጀመርክ። ልጄ በሦስተኛው ጊዜ ወንበር አንሥቶ እግሩ እስኪሰበር ግድግዳው ላይ ደበደበው፤ የተሰበረውን እግር ይዞ ፊትህ ላይ አወዛወዘውና "ሌላው ሰው ጋ የማይሞት እኔ ጋ ብቻ ለምን ይሞታል?" አለህ።

"እሱን ነው የማጣራው አለቃ" አልከው።

"ወይስ የሚገድለው አለ?"

ያን ቀን አየኸኝ። አንተ እያየኸኝ እኔ ገጽ አርማለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬን ወረቀቱን እስኪበሳ እንደተጫንኩት ትዝ ይለኛል።

በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ካለው ማተሚያ ቤት ስትወጣ ልጄ በመስኮት አይቶሃል። አንተ አላወቅክም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መንገዱን እየሮጥክ ተሻግረህ መጣህ፤ ዘጠኝ ዓመት ስትሮጥ አይቼህ አላውቅም። እኛ መቁረጫ ክፍል ነበርን። ገብተህ፣ "አለቃ፣ ተከፈተ" አልክ። ትንፋሽህ እየተቆራረጠ ትስቅ ነበር።

"ምኑ?"

"መጽሐፉ። ማዶ በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አገላበጥኩት፤ አንዴም አልሞተም። እነሱ ፎንታቸው መቶ እንኳ አይሞላም።"

"ማዶ ወሰድከው?"

"ለሙከራ ነው። በሽታው የፋይሉ ነው ወይስ የእኛ ኮምፒውተር ነው የሚለውን ለመለየት ሌላ ቦታ መክፈት ነበረብኝ። ገልብጬ አልተውኩላቸውም፤ ፍላሹ ይኸው ኪሴ ነው።"

"ሥራዬን ይዘህ ማዶ ሄድክ" አለ ልጄ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "በእጅህ ይዘህ። በየትኛው እጅህ ነው?"

አንተ ቀልድ መስሎህ ቀኝህን አነሣህ።

በግንባሩ አፍንጫህ ላይ መታህ። ደሙ በተቆለለው ነጭ ወረቀት ላይ ተረጨ፤ ያ ወረቀት አሁንም አለ፤ የላይኛዎቹን ቅጠሎች ብቻ አንሥተው የቀረውን አትመውበታል። ስትወድቅ ሆድህን ረገጠህ። ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ጎንህን፤ ጫማው የብረት አፍንጫ ያለው የሥራ ጫማ ነው። በሩን የዘጋሁት በሁለተኛው ርግጫና በሦስተኛው መካከል ነው። ይህን በትክክል የማውቀው በሩ ሲገጥም የሦስተኛውን ድምፅ ከጀርባዬ ባለው እንጨት ላይ ስለሰማሁት ነው።

ለምን እንደዘጋሁት ራሴን ጠይቄያለሁ። ደንበኛ እንዳያይ ብዬ ነው። በዚያች ደቂቃ ከዚያ የተሻለ ምክንያት አልነበረኝም፤ ከዚያ በኋላም አላገኘሁለትም።

በአንገትህ ኮሌታ ጎትቶ ወደ መቁረጫው አመጣህ። አንተ ማሽኑን ታውቀዋለህ፤ ቢላው ከመውረዱ በፊት ወረቀቱ እንዳይንሸራተት የሚጫነው ያ ሰፊ ብረት አለ፤ በመሪው የሚወርደው። ቀኝ እጅህን ከሥሩ አስገብቶ በደረቱ ጀርባህን ተጫነና መሪውን ማዞር ጀመረ። የማጠፊያ ማሽኑን ያስነሣሁት ያን ጊዜ ነው። ባዶውን ይሽከረከራል፣ የሚታጠፍ ወረቀት የለም። ጩኸትህን ሸፈነው። ሌላውን ድምፅ ግን አልሸፈነውም። ወረቀት ሲጫን ድምፅ የለውም። እጅ አለው።

ልጄ በየዙሩ ይቆምና ይጠይቅሃል። "ማን ላከህ?" አንድ ዙር። "ስንት ጊዜ ወሰድክላቸው?" አንድ ዙር። አንተ ለእሱ መመለስ ትተህ ጉንጭህ በብረቱ ጠረጴዛ ላይ እንደተለጠፈ እኔን ጠራኸኝ።

"እትዬ፣ ይንገሩት። ፊደሉ ነው። ብዛቱ ነው። እርስዎ ያውቃሉ።"

ልጄ መሪውን እንደያዘ ዞረ። "ምንድን ነው የሚለው?" አለኝ።

የምታስፈልገው አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። "ነግሮኝ ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ።" ስድስት ቃል አትሞላም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሰውን ስህተት በቀይ ስከብ ኖሬ የራሴን በልጄና በሠራተኛዬ ፊት መክበብ አቃተኝ።

"እኔ አላውቅም" አልኩት።

አዞረው።

ቀጥሎ በሩ ከኋላዬ ተመታ። የጠራዧ ድምፅ፣ "እትዬ፣ ዞር ይበሉ" አለ። አልተንቀሳቀስኩም። እንደገና ተመታ። ዕድሜዋን ሙሉ "እርስዎ" ስትለኝ የኖረች ሴት "ዞር በይ፣ አንቺ ድንጋይ" አለችኝና በሩን ከነእኔ ገፍታ ጣለችኝ። ክንዴን ማሽኑ ጠርዝ ላይ መታሁ፤ የቆዳዬን መላጥ ያዩ ሰዎች ናቸው ምናልባት "ተጠምጥማ አስጣለች" ያሉት። እሷ መዶሻዋን በሁለት እጇ አንሥታ የልጄን ትከሻ አንዴ፣ ከዚያ የዚያኑ ክንድ ክርን አንዴ መታች። አጥንቱ ሲሰበር እሱ እንደ ሕፃን "እማዬ" ብሎ ጮኸ። መሪውን ወደ ኋላ ያዞረችው እሷ ናት። እጅህን ያነሣችው እሷ ናት። በሽርጧ የጠቀለለችው፣ ተሸክማህ የሄደችው እሷ ናት። እኔ ከወለሉ ተነሥቼ የማጠፊያ ማሽኑን አጠፋሁ፤ ባዶውን ሲሽከረከር ማሽን ጥርሱ ያልቃል።

በማግስቱ ልጄ ከሥራ አባረራት። የስንብት ደብዳቤዋን ያረምኩት እኔ ነኝ።

አመልካች ጣትህና የመሐል ጣትህ እንደተቆረጡ የነገረኝ ቃል ሊቀበል የመጣው መርማሪ ነው። ያን ሲነግረኝ አስቀድሜ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ሳላሳምር ልንገርህ። "ማውስ የሚይዝበት ጣት ነው" አልኩ በልቤ። ወዲያው ብዕር ሰጠኝ፤ ፈረምኩ።

በአንተ ቦታ አዲስ ሰው ተቀጠረ። በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በፊት አምስት ጊዜ ሞተበት። ልጄ ክንዱ አንገቱ ላይ ታስሮ ከኋላው እየተንጎራደደ፣ "ያ ከይሲ የሆነ ነገር ቀብሮበት ነው የሄደው" አለ። አዲሱ ሰው ሳይዞር፣ "አለቃ፣ የተቀበረ ነገር የለም፤ ያልተቀበረ ነው የበዛው። ይሄን ሁሉ ፎንት ማን ነው የጫነው?" ብሎ ጠየቀ። ልጄ ባልታሰረው እጁ በጥፊ አላጋው። ሰውየው መነጽሩን ከወለል አንሥቶ፣ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ፤ አልተመለሰም።

እሁድ ዕለት ሠራተኛ በሌለበት፣ ጠዋት፣ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ። በእኛ ዘመን ገጽ ላይ ምንጩ የማይታወቅ ጥቁር ነጥብ ሲወጣ የምንፈልግበት መንገድ ነበረን፤ የገጹን ግማሽ እንሸፍንና እናትማለን። ነጥቡ ከወጣ ባልተሸፈነው በኩል አለ፤ ካልወጣ በተሸፈነው። ከዚያ ያን ግማሽ እንደገና ለሁለት እንከፍላለን። ምንም ዓይነት አስማት የለውም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው። ባለካሬ ደብተር ያዝኩ። ቆጠርኩ። አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። አዲስ ፎልደር ከፍቼ "ግቢ" ብዬ ሰየምኩት።

ግማሹን ወደ ግቢ አስወጣሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁ። ፕሮግራሙ ሞተ። ጻፍኩ። ከቀሩት ግማሹን አስወጣሁ፤ አንድ ሺህ ሰባ ስምንት ቀሩ። ተከፈተ፤ ዝርዝሩን ስነካ ግን ነጣ። ጻፍኩ። አምስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሲቀሩ ተከፈተ፣ ዝርዝሩም ወረደ። ላይ ታች አርባ ጊዜ አመላለስኩት፤ አልሞተም። ካስወጣኋቸው አምስት መቶ ሠላሳ ዘጠኙን በእነዚያ ቦታ ሳስገባ ሞተ። ያንን ከፍዬ፣ ደግሞ ከፍዬ፣ በአሥረኛው ላይ አንዲት ፎንት ደረስኩ፤ ውስጧ የተበላሸ፤ አንድ ሰው ለሰርግ ካርድ በፍላሽ ያመጣት። ደስ አለኝ። ጥፋተኛ አገኘሁ ብዬ። እሷን ብቻ ግቢ አስቀርቼ ሌሎቹን በሙሉ መለስኩ።

ሞተ።

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሞተ። እንግዲህ ያቺ አንዲት አይደለችም። ያልከው ነው፤ ብዛቱ ነው። በመጨረሻ መጽሐፉ ስንት ፎንት እንደሚጠቀም ተመለከትኩ። ሦስት። ሁሉንም አስወጥቼ ሦስቱን ብቻ አስቀረሁና ሁለት መቶ ስድሳ ስምንቱን ገጽ ከፈትኩ። በምሳ ሰዓት የተነሣ ፕሮግራም እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሳይሞት እፊቴ ቆየ። ከግቢም አንዲት ፊደል አልጠፋችም። ቆጠርኳቸው። አራት ሺህ ሦስት መቶ ዘጠኝ፣ ሁሉም አሉ። ይህንኑ ነበር የጠየቅከኝ።

ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ይዤ የልጄ ቢሮ ገባሁ። ስክሪኑን አሳየሁት፤ ፎንቶቹን መልሼ ሲሞት፣ አስወጥቼ ሲነሣ፣ በፊቱ አራት ጊዜ አደረግኩለት። ጉዳዩ ገብቶታል፤ ልጄ ጨካኝ ነው እንጂ ደደብ አይደለም።

"ነግሮኝ ነበር" አልኩት። "የከለከልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ቃላችንን እናንሣ።"

"እና እኔ ልታሰር?"

"አንተ ሰውየውን ሽባ አድርገሃል።"

"አንቺ ደግሞ በሩን ይዘሽልኛል" አለ። "ቁጭ በይ እማዬ። የተፈረመ ተፈርሟል።"

"አልቀመጥም።"

ደብተሩን ከእጄ ነጥቆ በጥርሱና በደህናው እጁ ቀደደው። ላነሣው ስል ጉሮሮዬን ያዘኝና ከመዝገብ መደርደሪያው ጋር አጣበቀኝ። መደርደሪያው ተናጋ፤ ከላይ የድሮ ናሙናዎች ትከሻዬ ላይ ወረዱ። ክንዱ አንድ ባይሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትቀበልም ነበር። የማረሚያ ወስፌዬ፣ ወረቀት የምወጋበት፣ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። እስከ እጀታው ጭኑ ውስጥ ሰደድኩት። በሰባ አራት ዓመቴ ሰው ወጋሁ፤ የወለድኩትን። ለቀቀኝ። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ስናለከልክ ቆየን።

ከዚያ የግራ እጁን ፊቴ ዘረጋ። ትንሿን ጣት አሳየኝ፤ ከአንጓዋ ወደ ውስጥ ትጎብጣለች።

"ይቺን ታስታውሻለሽ?" አለኝ። "ሰባት ዓመቴ ነበር። አንድ ፊደል ዘልዬ አነበብኩ። በምን እንደመታሽኝ ታስታውሻለሽ?"

አስታውሳለሁ። በብረት ማስመሪያ፣ በስለቱ በኩል።

"ሰው ሲሳሳት እጁን ነው የሚመቱት፤ እኔ ከሌላ ቦታ አልተማርኩትም" አለ። "አሁን ሂጂና ክሰሺኝ። ከሄድሽ ግን ወደዚህ ቤት በእግርሽ አትመለሽም። እገልሻለሁ እማዬ። እየማልኩልሽ ነው።"

የሚምለውን የሚያደርግ ልጅ ነው ያሳደግኩት። ያለው ግን ሐሰት አልነበረበትም፤ አንድም የሚታረም አላገኘሁበትም። በእኔና በእሱ መካከል ያለው የእኔና የእሱ ነው። አንተ ግን ማናችንንም አልመታህም። አንድ ጊዜ ብቻ "ላስቸግርዎ" ብለህ ጠየቅከኝ።

ይቅርታ አድርግልኝ አልልህም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መልስ ይጠብቃል፤ አንተ ለእኔ ሌላ ሥራ የለብህም። እህትህ ቤት በግራ እጅህ መጻፍ እየተማርክ እንደሆነ ጠራዧ ነግራኛለች። "እንዴት ነው?" ብላት፣ "እንደ ስሙ ነው፤ ቀስ በቀስ" አለችኝ። ይህን ስትለኝ አልሳቀችም፤ ወደ ቤቷም ግቢ አላለችኝም፤ በር ላይ አቁማ ነው ያነጋገረችኝ። ልክ ናት። አንተም ብትሆን ፍርድ ቤት ውስጥ ስታየኝ እንዳትነሣልኝ። ሰላምም አትበለኝ። የምናገረውን ብቻ ስማና አንድ ነገር ካዛነፍኩ አስቁመህ አርመኝ። በጤና ሁን።

ነገ በመጀመሪያ የማደርገውን ልጻፍልህና ላብቃ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቼ የጉሮሮዬን ሰንበር የማይሸፍን ልብስ እለብሳለሁ፤ መርማሪው ማየት አለበት። ማተሚያ ቤቱ ወርጄ ኮምፒውተሩን አስነሥቼ ፎንቶቹን ሁሉ እንደነበሩ እመልሳለሁ፤ መርማሪው መጥቶ ፕሮግራሙ ሲሞት በዓይኑ እንዲያይ። የተቀደደውን ደብተር ለጥፌዋለሁ፤ እሱን በፖስታ እከታለሁ። ይህን ደብዳቤና ፖስታውን ይዤ ጠራዧ ዘንድ እሄድና በር ላይ አስረክባታለሁ፤ እስከ ሦስት ሰዓት ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ካላገኘችኝ ሁለቱንም ለመርማሪው እንድትሰጥ፣ ከዚያ ለአንተ እንድትልክ። ወደ ቤት እመለሳለሁ። የልጄን ቁስል አጥቤ ፋሻውን እቀይርለታለሁ፤ በራሱ አንድ እጅ ሊያስረው አይችልም። ከዚያ እቀሰቅሰውና ወዴት እንደምሄድ እነግረዋለሁ። ተኝቶ ሳለ አሳልፌ አልሰጠውም። ነግሬው ስጨርስ ጀርባዬን ሰጥቼው ደረጃውን እወርዳለሁ።